ልዑል ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ

ለሹመት የሚበቃው ማን ነው? ያልተሾመውስ ወገን ምን ሊያደርግ ይገባዋል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በየመንግሥቱ ታሪክ ዘወትር ሲነሡ ይታያሉ። የአሜሪቃ ሕገ መንግሥት ለፊተኛው ሲመልስ፥ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ሰው በትውልዱ የአገሩ ዜጋ፥ ዕድሜው ከ35 ዓመት ያላነሰ፥ በአገሩም 14 ዓመት የተቀመጠ እንዲሆን ወሰነ። ለኋለኛው ግን ሕግ ብቻውን አልበቃም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. አንዱ ታላቅ ወገን ተከፍሎ ሁለት እጩ ስላቆመ፥ የሌላው ወገን እጩ አብርሃም ሊንከን ተመረጡ፤ ይህን ያልወደዱት የደቡብ ክፍሎችም ተገንጥለው እስከ 1865 ዓ.ም. ድረስ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ።

በዚያው ዘመን ሸዋም በዚሁ ጥያቄ ተፈትና ነበር። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊያስገብሩ በመጡ ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ ወራሻቸው ምኒልክም ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። የሟቹ ወንድም ዳርጌ ለወራሹ ወግነው በበረኸት ተዋጉ፤ ድል ግን ለቴዎድሮስ ሆነና ሁለቱም ተማርከው መቅደላ ገቡ። አንኮበርን ከተሾሙበት አንዱ አቶ በዛብህም ኋላ ራሳቸውን ንጉሥ አሰኙ። የአሜሪቃ ጦርነት ባለቀበት ዓመት፥ በእኛ አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም.፥ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ፥ የበዛብህ ሠራዊት እየከዳ ወደ ወራሹ ስለ ገባ አንኮበር ለባለቤቷ ተመለሰች።

ዳርጌ ግን መቅደላ እስከ ወደቀበት እስከ 1860 ዓ.ም. በግዞት ቆዩ። ወደ ሸዋ ሲመለሱ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፥ በዕድሜ የበሰሉ፥ በጦርነትና በእስራት የተፈተኑ ነበሩ፤ የነገሠው ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ነው። ወገን ሊያበጁ ቢሹ የሚከተላቸው ሰው ባልታጣም ነበር፤ በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ በዘመቱበት ጊዜ ወይዘሮ ባፈናና መሸሻ ሰይፉ ሸዋን ማወካቸው ለዚህ ምስክር ነው። ዳርጌ ግን እንደ ዮናታን ሆኑ፤ የንጉሥ ልጅነታቸውን ለሌላው ዙፋን ድጋፍ አደረጉት።

ሥራቸው ሁሉ ምስጋና ብቻ ያለበት አይደለም፤ ሰላሌን ያስተዳደሩ እኒህ መስፍን አርሲን ሲያስገብሩ በብዙ ዓመት ዘመቻ ብዙ ደም ፈሷል። ታላቁ ፈተናቸው ግን ከቤታቸው ወጣ። በስዊስ አገር ለትምህርት የተቀመጠው ልጃቸው ጉግሣ ወደ ጣልያኖች ስለ ገባ፥ እነርሱ የምኒልክ ተፎካካሪ አድርገው ሊያቆሙት አሰቡ። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ መናገሻ ከተማቸውን እንዲጠብቁ የተዉት ግን የዚያኑ ልጅ አባት ነው፤ አባትየውም አደራውን ጠብቀው ለባለቤቱ መለሱ። በ1892 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ለሹመት መብቃት በትውልድና በዕድሜ ብቻ አይለካም። ሌላው ሲሾም አገርን ሳይከፍሉ ማገልገል የሚችል ሰው፥ እርሱ በእውነት ለሹመት የበቃ ነው።