ቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳል በእመቤታችን እግር ሥር ያገኘው ዕረፍት

ብዙዎቻችን የቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳልን ስም የምናውቀው የዶን ቦስኮ ማኅበር በእርሱ ስም ሳሌዝያውያን ተብሎ ስለሚጠራ ነው። ገርና ትዕግሥተኛ ጳጳስ እንደ ነበረም ሰምተናል። ነገር ግን በእኛ ዕድሜ ሳለ ተስፋ ወደ መቁረጥ ደርሶ እንደ ነበር የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ፍራንሷ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1567 ዓ.ም. በሳቮያ ከመኳንንት ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ልጁ ለሹመት እንዲበቃለት በመመኘት ወደ ፓሪስ ላከው፤ በዚያም በኢየሱሳውያን ኮሌጅ ተማረ። በዚያን ዘመን ሊቃውንት እግዚአብሔር የሚድኑትንና የሚጠፉትን አስቀድሞ ወስኖአል ወይ እያሉ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። በ1586 መጨረሻ ይህ ጥያቄ የ19 ዓመቱን ወጣት ልብ ወጋው። ከሚጠፉት ወገን የተቆጠረ መሰለው። ስድስት ሳምንት ያህል እህል አልዋጥለት፣ እንቅልፍም አልወስደው አለ፤ ሰውነቱ መነመነ።

ቢሆንም መጸለዩን አልተወም። በወዲያኛው ዓለም አምላኩን መውደድ ባይፈቀድለት እንኳ፣ በሕይወት እስካለ ድረስ ይወደው ዘንድ ለመነ። በ1587 መጀመሪያ አንድ ቀን ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ ከድንጋይ በተቀረጸው በእመቤታችን ጥቁር ሐውልት ፊት ተንበረከከ። በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የነበረውን የእርስዋን ጸሎት ደገመ። ሲነሣ ጭንቀቱ እንደ ቅርፊት ከላዩ ረገፈ፤ ጤናውም ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የሊቃውንቱ ክርክር በዚያች ቀን አላለቀም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶአል። ፍራንሷ ግን በእግዚአብሔር ምሕረት መታመንን አገኘ። የፈራ ልጅ እጁን በእናቱ ተይዞ ወደ አባቱ እንደሚቀርብ፣ እርሱንም እመቤታችን ወደ ልጅዋ አቀረበችው።

ያ ዕረፍት በኋላ ለሌሎች ተረፈ። በ1593 ካህን ሆነ። በሻብሌ አገር ሰዎች ስብከቱን ለመስማት እንቢ ባሉ ጊዜ፣ ትምህርቱን በወረቀት እየጻፈ በየበሩ ሥር ያስገባ ነበር። ስለዚህ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1923 የጋዜጠኞችና የጸሐፍት ጠባቂ ብለው ሰየሙት፤ ይህችን ጽሑፍ የምናባዛ እኛም የእርሱ ወገን ነን። በ1602 የጄኔቭ ጳጳስ ሆነ፤ መስማት ለተሳነው አንድ ሰውም በምልክት ሃይማኖትን አስተማረ። በ1610 ከቅድስት ዣን ደ ሻንታል ጋር፣ እመቤታችን ኤልሳቤጥን በጎበኘችበት መታሰቢያ የተሰየመ የደናግል ማኅበር መሠረተ። በ1622 በሊዮን ከተማ ዐረፈ፤ በ1665 ቅድስናው ታወጀ።

የተንበረከከበት ቤተ ክርስቲያን በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ፈርሶአል፤ ሐውልቱ ግን በፓሪስ አጠገብ በኔዪ ይገኛል።

እንግዲህ ወጣቶች፣ እግዚአብሔር የተወን በሚመስለን ሌሊት ብቻችንን አንብሰልሰል። መቁጠርያችንን እናንሣ፤ ጸሎቱ ባይጥመንም እንጸልይ። ፍራንሷም የጸለየው ደስ ብሎት ሳይሆን ተጨንቆ ሳለ ነውና።