በክርክር ተጀምሮ በደብዳቤ የጸና ወዳጅነት

የግብርና ኬሚስትሪ አባት እየተባለ የሚጠራው ዩስቱስ ሊቢግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1803 በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀለምና ኬሚካል አዘጋጅቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በ1816 ብርድና ዝናብ የአውሮፓን ሰብል ሲያበላሽና ረሃብ ሲገባ ሊቢግ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። በፓሪስ ኬሚስትሪ ተምሮ ሲመለስ ገና በ21 ዓመቱ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

የዕድሜ ልክ ወዳጁን ያገኘው በክርክር ነበር። ሊቢግ የሚፈነዳ የብር ውሕድ ሲመረምር፣ ፍሪድሪክ ቮለር የተባለ ሌላ ወጣት ኬሚስት ደግሞ የማይፈነዳ የብር ውሕድ መረመረ። የሁለቱ ውሕዶች ይዘት ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሊቢግ ቮለር ተሳስቷል ብሎ ተነሣ፤ ዳግም ሲመረመር ግን ሁለቱም ትክክል ነበሩ። አንድ ዓይነት ንጥረ ነገሮች በተለያየ አደረጃጀት የተለያየ ነገር እንደሚሆኑ ዓለም የተረዳው ከዚህ በኋላ ነው። ተከራካሪዎቹም ወዳጆች ሆኑ።

በተለያዩ ከተሞች ይኖሩ ስለነበር ወዳጅነታቸውን ያቆየው ደብዳቤ ነው። ከ1829 ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ ተጻጻፉ። በደብዳቤዎቻቸው የቤተ ሙከራ ውጤት፣ የቤተሰብ ወሬ፣ ሕመምና ሐዘን ተቀላቅለው ይገኛሉ። በ1832 የቮለር ሚስት በሞተች ጊዜ ሊቢግ ወዳጁን ወደ ጊሰን ጠራው። ሐዘንተኛውን በሥራ አጽናናው፤ ሁለቱ አብረው በመራራ ለውዝ ዘይት ላይ ያደረጉት ምርምርም ለኬሚስትሪ አዲስ በር ከፈተ።

ሊቢግ ቁጡ፣ ቮለር ታጋሽ ነበሩ። ሊቢግ ከሌሎች ምሁራን ጋር በጋዜጣና በመጽሔት ይጣላ ነበር። በ1843 ቮለር በጻፈለት ደብዳቤ፣ በ1900 ሁላችንም ፈርሰን አፈር ስንሆን ማን ከማን እንደተጣላ የሚያስታውስ አይኖርም፣ የሚቀረው ሥራህ ብቻ ነው ሲል መከረው። ሊቢግ ምክሩን ሁልጊዜ ባይሰማም ወዳጁን ግን አልተቀየመም።

ሊቢግ በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ ተክል ከአፈር ማዕድን እንደሚመገብ፣ ሰብል የወሰደውም ለአፈሩ መመለስ እንዳለበት አስተማረ። የሰብልን ዕድገት የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ንጥረ ነገር ነው የሚለውን ሕግም አስፋፋ። ሆኖም ራሱ ያዘጋጀው ማዳበሪያ አልሠራም፤ ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ በቀላሉ የማይሟሟ አድርጎት ነበርና ለተክሉ ሳይደርስ ቀረ። ናይትሮጅንንም ሰብሉ ከአየርና ከዝናብ በበቂ ያገኛል ብሎ ተሳስቷል። በእንግሊዝ ሮዛምስቴድ የተደረጉ የማሳ ሙከራዎች ስንዴ የናይትሮጅን ማዳበሪያ እንደሚሻ አሳዩ።

ሊቢግ በ1873 በሙኒክ ሲሞት የ70 ዓመት ዕድሜውን ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ቮለር በ1882 ተከተለው። ደብዳቤዎቻቸው በ1888 በሁለት ቅጽ ታተሙ።

ሊቢግ የዘነጋውን ናይትሮጅን ዛሬ ለማሳ የሚያደርሰው ዩሪያ ነው። የኢትዮጵያ አርሶ አደር ለጤፍና ለበቆሎ የሚጨምረውን ይህን ንጥረ ነገር በ1828 ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ የሠራው ደግሞ ቮለር ነበር። የአንዱን ጉድለት የሌላው ሥራ ሞላው።