ከመጽሐፍ ጠራዥነት እስከ ጄኔሬተር፦ የማይክል ፋራዴይ ሕይወት ባጭሩ

እኛ በዋግ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ መብራት ጠፋ እንላለን። ወፍጮውንም ሬዲዮኑንም የሚያሠራውን ኃይል በአንድ ሥራው ብቻ ጠራነው እኮ! ታዲያ ይህ ኃይል በጄኔሬተር የሚመነጭበትን መንገድ ያገኘው ማን ነው?

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጤና ያጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ በላይ አልተማረም። በ13 ዓመቱ ለአንድ መጽሐፍ ሻጭ ተላላኪ ሆነ፤ ቀጥሎም እዚያው 7 ዓመት ጥረዛ ለመደ። ሌላው ጠራዥ ጠርዞ ያስረክባል፣ እሱ ግን የሚጠርዘውን ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክም ያወቀው ሊጠረዝ ከመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው።

በ1812 አንድ ደንበኛ የመግቢያ ቲኬት ሰጠውና የታወቀውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰማ። የሰማውን ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት አድርጎ አስቀጠረው።

በ1820 ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሰው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቶ ነበር። ፋራዴይ ነገሩን ገለበጠው፦ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ ይሰጥ ይሆን? መልሱን ያገኘው በ1831 ነው። ማግኔቱን በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ሲያስገባ የመለኪያው መርፌ ዘወር አለ፤ ሲያወጣው ወደ ሌላው ወገን ዞረ፤ ማግኔቱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን ምንም የለም! ቁም ነገሩ እንቅስቃሴው ነው። በዚያው ጥቅምት የመዳብ ሳህን በማግኔት ዋልታዎች መካከል አሽከርክሮ የማያቋርጥ ፍሰት አገኘ። የመጀመሪያው ጄኔሬተር ይህ ነው።

እንግዲህ ጄኔሬተር ከባዶ ነገር ኃይል አይፈጥርም፤ የሚያሽከረክረውን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። አሽከርካሪው የናፍጣ ሞተር ወይም ውሃ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የጎረቤታችን የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ውሃው 4 ተርባይኖችን ያዞራል፤ ሲሞላም 300 ሜጋ ዋት፣ ማለትም 300 ሚሊዮን ዋት፣ ያመነጫል።

መለኪያዎቹን እንዳናምታታ፦ ቮልት የግፊቱ፣ አምፔር የፍሰቱ፣ ዋት የኃይሉ መለኪያ ነው። በባትሪ ላይ ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛ ዋቱን እናገኛለን። ሦስቱም የሰው ስሞች ናቸው፤ ለፋራዴይ የደረሰው ፋራድ የኤሌክትሪክ ሙል ማከማቻ መለኪያ ነው። እሱ ራሱም በ1834 አኖድና ካቶድ የሚሉትን ስሞች ከአንድ ምሁር ጋር ተመካክሮ አወጣ። መጀመሪያ ነገሩን አየ፣ ከዚያ ስም ፈለገለት። ሒሳብ እንኳ አይሆንለትም ነበር፤ ሐሳቡን በሒሳብ የጻፈው በኋላ የመጣው ማክስዌል ነው።

ለእኛ ለእጩ መምህራን ግን ከሁሉ የሚበልጥብን አስተማሪነቱ ነው። ከ1827 እስከ 1860 ድረስ 19 ጊዜ በገና ሰሞን ለልጆች ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። አንዱ ስለ ሻማ ብቻ ነበር። ሻማ ደግሞ መብራት ባልገባበት ትምህርት ቤትም አይጠፋም። የማግኔቱንም ሙከራ ቢሆን ጠንካራ ማግኔት፣ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ልባስ ያለው የመዳብ ሽቦና ኮምፓስ ካገኘን ልናሳይ እንችላለን። የዚያው ሽቦ ጫፍ በኮምፓሱ ዙሪያ ይጠቅለልና ወረዳው ይዘጋ፤ ኮምፓሱ ከማግኔቱ ራቅ ይበል፣ አለዚያ ማግኔቱ ራሱ ይስበውና ተማሪዎቹን ያሳስታል።

ፋራዴይ የሰር ማዕረግ ቢቀርብለት አልቀበልም አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው ቤት ሲኖር በ1867 በነሐሴ ወር አረፈ።