ፍሎረንስ ናይቲንጌል፤ አስታማሚዋና መዝገቧ

እኔ ከትምህርት ሁሉ ሒሳብ እወዳለሁ፤ ትምህርቴን ስጨርስ ግን ነርስ ለመሆን አስቤአለሁ። ይህን የሰሙ ሰዎች ሁሉ ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥ ይመክሩኛል። ስለዚህ የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ታሪክ ለመጽሔታችን ለመጻፍ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቃት በፋኖሷ ነው፤ እኔ የምወዳት ግን በመዝገቧ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።

ፍሎረንስ በሜይ 12 ቀን 1820 ዓ.ም. ከእንግሊዛውያን ወላጆች ኢጣልያ ውስጥ ተወለደች፤ ስሟም የተወለደችበት ከተማ ስም ነው። አባቷ ባለጠጋ ስለ ነበረ ራሱ ግሪክኛና ላቲን አስተማራት፤ ሒሳብም አጥብቃ ተማረች። ነገር ግን በሽተኛ ላስታምም ባለች ጊዜ ቤቱ ታወከ፤ በዚያን ዘመን ይህ ለጨዋ ልጅ የሚገባ ሥራ አይደለም ይባል ነበርና። ብዙ ዓመት ታግሣ በ1851 በጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በተባለው ስፍራ ሦስት ወር ያህል ሥራውን ተማረች።

በክሪምያ ጦርነት ጊዜ 38 አስታማሚ ሴቶች አስከትላ በኖቬምበር 4 ቀን 1854 ከኢስታምቡል ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ደረሰች። ልብስ እንዲታጠብ፣ ምግብ በደንብ እንዲበስል አደረገች፤ ማታ ማታም ፋኖስ ይዛ በሽተኞችን ትጐበኝ ነበር። ሞት ግን አልቀነሰም። በፌብሩዋሪ 1855 ከገቡት 100 በሽተኞች 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። አብዛኞቹን የፈጃቸውም ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ፣ ኮሌራና ተስቦ ነው። በማርች ከእንግሊዝ የተላኩ የጤና መርማሪዎች መጥተው የቈሻሻውን ቦይ አስጠረጉ፣ ጥንቡን አስነሡ፣ ነፋስ እንዲገባም አደረጉ። በጁን የሚሞተው ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ሆነ።

በ1856 ወደ አገሯ ስትመለስ ሕዝቡ እንደ ጀግና ያያት ነበር። እርሷ ግን ዊልያም ፋር ከሚባል የቍጥር ዐዋቂ ጋራ ተቀምጣ ሙታኑን በየወሩ ቈጠረች። ቍጥሩም ሌሊት የዞረችበት ያ ቤት ራሱ ከቍስሉ ይልቅ ገዳይ እንደ ነበረ ነገራት። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን ትቼ ጥቂት ቈየሁ። እርሷ ነገሩን አልሸሸገችውም። ሒሳብ ለማይወዱ ሹማምንት እንዲታይ ብላ ወሮቹን በክብ ሥዕል ከፋፍላ፣ መከላከል በሚቻል በሽታ የሞቱትን በሰማያዊ ቀለም ለይታ በ1858 አወጣችው። በዚያው ዓመት የሎንዶን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዪቱ ሴት አባል ሆነች።

እውነቱን ለመናገር፣ ከጦርነቱ በኋላ ሕመም ስለ ጸናባት በገዛ እጇ ብዙ አላስታመመችም። በ1860 በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ፤ በሊቨርፑል ከተማም በየቤቱ እየዞሩ ድኾችን የሚያስታምሙ ነርሶች እንዲሠለጥኑ በምክር ረዳች።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የአዋላጆቹ ነገር ነው። በእርሷ ገንዘብና ምክር በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል አዋላጆች የሚማሩበት የወላዶች ክፍል ተከፍቶ ነበር። እናቶች በወሊድ ትኵሳት ስለ ሞቱበት በ1867 ተዘጋ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን በዝምታ ባሳለፈው ነበር። እርሷ ግን ከየሆስፒታሉና ከየቤቱ የወላዶችን ሞት ቍጥር ለቅማ በ1871 መጽሐፍ አሳተመች፤ በቤታቸው የሚወልዱት በሆስፒታል ከሚወልዱት ይልቅ ጥቂት እንደሚሞቱም አሳየች። የራሷም ክፍል ጥፋት እዚያው ውስጥ ተጽፏል።

በኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ ሞተች። ዘመዶቿ በዌስትሚንስተር ታላቅ ቤተ ክርስቲያን እንድትቀበር ሲጠየቁ አልፈቀዱም፤ በገጠር ከወላጆቿ ጋራ ተቀበረች። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ሙሉ ስሟ የለም፤ ለእርሷ የተጻፈው ሁለት ፊደል፣ የተወለደችበትና የሞተችበት ቀን ብቻ ነው።