ሰር አርተር ኤዲንግተን

የከዋክብትን ውስጣዊ ባሕርይ በስሌት መርምረው ለመግለጽ ከቻሉት ሊቃውንት መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው አርተር ስታንሊ ኤዲንግተን በ1882 እ.ኤ.አ. በሰሜን እንግሊዝ፣ ኬንዳል በተባለች ከተማ ተወለደ። የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው አባቱ በታይፎይድ በሽታ ሲሞት እርሱ ገና ሕፃን ነበር። እናቱ በችግር አሳደገችው። በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ ግን ነፃ የትምህርት ዕድል እያገኘ በማንቸስተር፣ ቀጥሎም በካምብሪጅ ተማረ፤ በ1913 በዚያው በካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሆነ።

ቤተሰቡ ጦርነትን የሚያወግዘው የኩዌከር ሃይማኖት ተከታይ ነበር። ስለዚህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1918፣ ለውትድርና ሲፈለግ ኅሊናው እንደማይፈቅድለት በግልጽ ተናገረ። እንዲህ ያለው ሰው በዚያን ጊዜ እስራት ይጠብቀው ነበር። ባልደረቦቹ በሳይንስ ሥራው ምክንያት ብቻ ነፃ እንዲወጣ ቢጥሩም፣ እርሱ የእምነቱን ነገር ሊሸሽግ አልወደደም። በመጨረሻ የፀሐይን ግርዶሽ ለመመልከት እንዲዘጋጅ ተብሎ ተፈቀደለት። በግንቦት ወር 1919 እ.ኤ.አ. ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ በምትገኘው በፕሪንሲፔ ደሴት ሆኖ ባነሣው ፎቶግራፍ፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ አይንሽታይን እንደ ተነበየው እንደሚታጠፍ አሳየ።

ስሙን ያስጠራው ግርዶሹ ቢሆንም፣ ይበልጥ የሚያስደንቀው በ1924 የደረሰበት ነገር ነው። ይኸውም የአንድ ኮከብ ብርሃን በውስጡ በተከማቸው የቁስ መጠን የሚወሰን መሆኑ ነው። ቁሱ ከፀሐይ እጥፍ የሆነ ኮከብ ብርሃኑ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አሥር ጊዜ ያህል ይበልጣል። የኮከቡ ነዳጅ ወደ ሂሊየም የሚለወጠው ሃይድሮጂን ሊሆን እንደሚችልም አስቀድሞ በ1920 ገምቶ ነበር። ክሩ እጅግ የሰፋ ኩራዝ ብዙ ላምባ ቢሞላበትም ፈጥኖ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ግዙፍ ኮከብም ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል። የፀሐይ ዕድሜ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ከእርስዋ 10 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ አይኖርም። በመሬት ላይ ሕይወት እስኪገኝ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ስላለፉ፣ እንዲህ ባለው ኮከብ ዙሪያ በሚዞር ፕላኔት ላይ ሕይወት ለመብቀል ጊዜ አይኖረውም። በአንጻሩ የድንክ ኮከብ ዕድሜ እጅግ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ ደካማ ስለ ሆነ፣ ውሃው በረዶ ሳይሆን እንዲፈስ ፕላኔቱ በጣም መጠጋት አለበት፤ ሲጠጋም ኮከቡ አልፎ አልፎ የሚተፋው ነበልባል ያገኘዋል።

ኤዲንግተን የተሳሳተበትም ጊዜ አለ። በ1935 ቻንድራሴክሃር የተባለ ወጣት ሕንዳዊ፣ ነዳጃቸውን የጨረሱ ከባድ ከዋክብት መኮማተራቸውን የሚገታ ነገር እንደሌለ በስሌት ሲያቀርብ፣ ኤዲንግተን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት አጣጣለው። ጦርነትን ለመቃወም ድፍረት ያልጎደለው ሰው የወጣቱን ማስረጃ በትዕግሥት አለመመርመሩ ያሳዝናል። ቻንድራሴክሃር በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ኤዲንግተን ግን በ1944 ሞቶ ስለ ነበር ይህን አላየም።