ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ መለያ እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር ባለቅኔ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ዝናን ያተረፉት ግን በኳስ ሜዳ ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ በ1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ታዳጊ ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከተማዋ በፋሺስት ጦር እጅ ወደቀች፤ ስፖርቱም እንደ ሌላው ኑሮ ሁሉ በዘር ተከፈለ። ለኋለኛው ጽኑ አቋማቸው መነሻው ይህ ዘመን ሳይሆን አልቀረም። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም በተካሄደው የመጀመሪያ ሻምፒዮና ክለባቸው ከውጭ ማኅበረሰብ ቡድኖች ጋር ተፎካከረ፤ ዋንጫውን ግን የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ወሰደ። እርሳቸውም እስከ 1950 ዓ.ም ለሌላ ክለብ ሳይሰለፉ ለ23 ዓመታት ተጫወቱ።

በ1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም በፎርፌ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም እነዚሁ ቡድኖች በአዲስ አበባ ለዋንጫ ተገናኙ። የአሠልጣኝ ይድነቃቸው ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። ጨዋታው ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። በተጨማሪ ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር።

ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። አፓርታይድን በመቃወም ያደረጉት ያልተቋረጠ ክርክር ፍሬ አፍርቶ፣ ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም ከፊፋ ተባረረች። ይህንን ሥልጣን እንደያዙ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም ወደ ዓለም አቀፉ ውድድር ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫም ነጭና ጥቁር ተጫዋቾቿን በአንድነት አሰልፋ ባለ ድል ሆናለች።