ሻምበል አበበ ቢቂላ፡ ከመጀመሪያው ማራቶን እስከ ሮም

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ከብት እየጠበቀ ካደገ በኋላ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። ስሙ ከማራቶን ጋር ተያይዞ በዓለም ቢታወቅም፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሸፍነውን ይህን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው 28 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነበር።

ለዚያ ቀን ያበቃው በአንድ ወቅት የተደረገ ጥድፊያ አልነበረም። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ሜጀር ኦኒ ኒስካነን በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ደጋማ ስፍራዎች ረጅም ርቀትንና ፈጣን ሩጫን እያፈራረቁ አሠልጥነውታል። አበበ በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በዚያው ከተማ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደር 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አስመዘገበ። ይህም በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ኤሚል ዛቶፔክ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር።

የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፣ አበበ በልምምድ በለመደው መንገድ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውድድሩ አመሻሹ ላይ ተጀምሮ በምሽት ተጠናቀቀ፤ ከመንገዱም ከፊሉ ወታደሮች በያዙት ችቦ ይበራ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ የፋሽስት ጦር በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ባጋዘው የአክሱም ሐውልት አቅራቢያ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በመግባትም ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከ45 ዓመታት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ግን በጉዳት ምክንያት ከመንገድ ሲያቋርጥ፣ ድሉን ማሞ ወልዴ ለአገሩ አስጠበቀ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ያሽከረክራት የነበረችው መኪና ተገልብጣ በደረሰበት አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እንደ ቀድሞው መራመድ ግን አልቻለም። ሆኖም ከስፖርት አልራቀም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጁ ውድድሮች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አርፎ፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ዛሬ በጎንደር ከተማ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋማ ስፍራዎች የመጀመሪያ ማራቶናቸውን ለመሮጥ የሚዘጋጁ ወጣቶች ከአበበ ሕይወት የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። ዓለም ያየው የሮምን ምሽት ቢሆንም፣ ድሉ የተዘጋጀው በአገር ቤት ደጋ ላይ በተደረገ የዓመታት ልምምድ ነው። አበበ ጉልበቱን በሌላ አገር ከመፈተኑ በፊት በአገሩ ሁለት ጊዜ ለክቶታል፤ የእግሩንም ልማድ አውቆ በእርሱ ታምኗል። ለጀማሪ ሯጭም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው አቅምን ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ ያልተለመደ ጫማን ለውድድር ቀን አለማስቀረትና ከጉዳት በኋላ በሚቻለው መንገድ ወደ ስፖርት መመለስ ነው።